ኪቦርዱን የነካው ልጅ ድርሻ አለው? የባንድ ዘፈን የማን እንደሆነ

አምስት ልጆች ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር አንድ ክፍል ተከራይተው ይለማመዳሉ እንበል። ድምጻዊ፣ ጊታሪስት፣ ቤዚስት፣ ኪቦርዲስትና ድራመር። የሚጫወቱት ሮክ ነው፤ ግጥሙ ግን የድሬ ነው፤ አማርኛው መሀል ኦሮምኛና ሶማሊኛ ጣል ጣል ይላል። ቀን ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ የሚገናኙት ማታ ነው። ከብዙ ልፋት በኋላ የመጀመሪያ አልበማቸው አለቀ። ባንዱን ለምሳሌ የፈጠርኩት ነው፤ ማን ይሆን ብላችሁ አትልፉ። ጣጣው ግን የፈጠራ አይደለም።

ጣጣው የሚመጣው ሽፋኑ ላይ ስም ሲጻፍ ነው። ከካሴት ዘመን ጀምሮ የለመድነው አጻጻፍ አለ፤ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። ለብቻው ለሚዘፍን ድምጻዊ ይሄ አይከብድም። ግጥሙን አንዱ ይጽፋል፣ ዜማውን ሌላው ይሠራል፣ አቀናባሪው ስቱዲዮ ውስጥ ይጨርሰዋል። ሁሉም የሠራውን ያውቃል።

ባንድ እንዲህ አይሠራም። ጊታሪስቱ አንድ ነገር ይዞ ይደጋግማል። ድራመሩ ይገባበታል። ድምጻዊው ቃል የሌለው ነገር ያንጎራጉራል። ቤዚስቱ ኮርዱን አንድ ቦታ ላይ ያዞረዋል። ኪቦርዲስቱ «እስኪ ልሞክር» ብሎ መግቢያው ላይ አጭር ነገር ይመታል፤ ሁሉም «እሷን እንዳትነካት!» ይሉታል። እኩለ ሌሊት ላይ ዘፈን ሆኗል። ታዲያ ሽፋኑ ላይ «ዜማ» ከሚለው ጎን ማን ይጻፍ?

ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ባንዱን ያሰባሰበው ሰው ነው። ሌሎቹ «አቦ፣ እኛ እኮ ወንድማማቾች ነን» ብለው ያልፉታል። አልበሙ ሰሚ ካጣ ነገሩ በዚያው ይቀራል። አንዱ ዘፈን ከተወደደ ግን ወዲያው ሒሳብ ይመጣል። ባንድ በማጣት ሲፈርስ ያየሁት ጥቂት ነው፤ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ትንሽ ማግኘት ነው።

አንድ ዘፈን፣ ሁለት ንብረት

መጀመሪያ መለየት ያለበት ይሄ ነው። አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት የተለያየ ንብረት አለ። አንዱ ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ይሄ ማንም ቢዘፍነው፣ በጊታርም ይሁን በክራር፣ ያው ድርሰት ነው። ሁለተኛው ቅጂው ነው፤ ስቱዲዮ ገብተው የቀዱት ያ ድምፅ፣ ባለሙያዎቹ «ማስተር» የሚሉት። ያው ዘፈን አሥር ጊዜ ቢቀዳ ድርሰቱ አንድ፣ ቅጂው አሥር ነው።

የሁለቱ ባለቤት አንድ ሰው ላይሆን ይችላል። የእኛ ሕግም ለያይቶ ነው የሚያያቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 የተሻሻለው፣ ዜማና ግጥም የሠራውን «የሥራ አመንጪ» ይለዋል። ቅጂውን ያሠራው ፕሮዲዩሰር ይባላል። የዘፈነውና የተጫወተው ደግሞ «ከዋኝ» ነው። ሦስቱም መብት አላቸው፤ መብታቸው ግን የተለያየ ነው። የአመንጪው መብት ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ብዙ ሆነው በጋራ ከሠሩት 50ው ዓመት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የከዋኙና የፕሮዲዩሰሩም 50 ዓመት ነው፤ ግን ከሰው ዕድሜ ጋር አልተያያዘም፤ ከሥራው መቀዳት ወይም መውጣት ነው የሚጀምረው።

ሰሚው ይሄን አይለይም፤ ለእሱ ዘፈኑ የድምጻዊው ነው። ባጃጅ ቀኑን ሙሉ የሚነዳውን ልጅ አይተን ባጃጁ የእሱ ነው አንልም፤ ባለንብረቱ ሳቢያን ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሆናል። ዘፈን ላይ ሲሆን ግን እንዲህ ማሰብ እንረሳለን።

ልዩነቱ ገንዘብ ላይ እንዴት እንደሚታይ ቴይለር ስዊፍት ለዓለም አሳይታለች። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አልበሞቿ ማስተር በ2019 እ.ኤ.አ. ከነኩባንያው ለሌላ ሰው ተሸጠ። ድርሰቱ ላይ ግን የራሷ መብት ነበራት። ስለዚህ ዘፈኖቹን እንደገና ዘፍና አዲስ ቅጂ ማውጣት ቻለች። በ2025 ደግሞ የድሮዎቹን ማስተሮች ራሷ ገዛቻቸው። ድርሰቱም በእጇ ባይኖር ኖሮ ይሄ መንገድ በጣም ይከብዳት ነበር።

ወደ ድሬው ባንድ ስንመለስ፣ አንድ የሠፈር ነጋዴ «ስቱዲዮውን እኔ እከፍላለሁ» ቢላቸው በተለምዶ የሚይዘው ቅጂውን ነው። ዜማው በዚያ ብቻ የእሱ አይሆንም። የስቱዲዮው ልጅም ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ ስላለ ብቻ ባለቤት አይደለም። ፋይል መያዝና መብት መያዝ ለየቅል ናቸው። «ፍላሹ እኔ ጋ ነው፣ ምን ታመጣላችሁ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ከሆነ ይሄን ንገሩት።

ሶሎ የመታ ሰው ደራሲ ነው?

አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ። ባንድ ውስጥ የተጫወተ ሁሉ የዜማ ባለቤት ነው? ወይስ ተጫዋች ብቻ? እንግሊዝ ውስጥ ሁለት ክርክሮች ተቃራኒ መልስ አግኝተዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ከማንኛውም የሕግ መጽሐፍ በላይ ያስተምራል ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው የፕሮኮል ሃረም ባንድ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል» የተባለውን የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈናቸውን አወጡ፤ ዓለምን አዳረሰ። ዘፈኑ የተመዘገበው በሁለት ሰው ስም ነበር፤ ዜማው በድምጻዊው በጋሪ ብሩከር፣ ግጥሙ በኪት ሪድ። ይሁን እንጂ ዘፈኑን ሰዎች የሚያስታውሱት በመግቢያው ኦርጋን ነው። ያንን የሠራው ማቲው ፊሸር ነው፤ ባንዱን የተቀላቀለው ቀረጻው ሲቃረብ ነው። ፊሸር ክስ የመሠረተው በ2005 ነው። ከ38 ዓመት በኋላ!

ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2006 ፈረደለት፤ ከሙዚቃው መብት 40 በመቶው የእሱ ነው አለ። ይግባኝ ሰሚው በ2008 ደራሲነቱን ሳይክድ «ግን በጣም ዘግይተሃል» ብሎ ገንዘቡን ከለከለው። በመጨረሻ፣ በጊዜው የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ2009 የ40 በመቶ ድርሻውን መለሰለት። የሚከፈለው ግን ከ2005 ወዲህ ያለው ብቻ ነው፤ ያለፉት ዓመታት ገንዘብ ቀልጦ ቀረ። የዘፈኑ ወርቃማ ዘመን ደግሞ የቱ እንደነበር መገመት አያቅትም።

ሁለተኛው የስፓንዳው ባሌት ነው። እዚያ ጊታሪስቱ ጋሪ ኬምፕ ብቻውን ደራሲ ተብሎ ተመዝግቧል። ሦስቱ የባንዱ አባላት፣ ድምጻዊው ቶኒ ሃድሊ፣ ድራመሩና ሳክስፎኒስቱ፣ «እኛም አብረን ሠርተናል» ብለው ከሰሱ። በ1999 ተረቱ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ኬምፕ ወደ ልምምድ የሚመጣው ያለቀ ዘፈን ይዞ ነበር። ዜማው፣ ግጥሙና ኮርዱ አልቆ፣ በጊታሩ እየዘፈነ ያሰማቸዋል። ከዚያ እነሱ ይጫወቱታል። ዳኛው የእነሱን ሥራ መጫወት ነው እንጂ መድረስ አይደለም አሉ። «ትሩ» ላይ ያለው ዝነኛ የሳክስፎን ሶሎ እንኳን አላዳናቸውም።

እንግዲህ ሁለቱም ጋ ጎበዝ ተጫዋች አለ፣ ሁለቱም ጋ የማይረሳ ሶሎ አለ። ልዩነቱ ሰውየው ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ዘፈኑ ምን ያህል አልቆ ነበር የሚለው ነው። የፊሸር ኦርጋን ራሱን የቻለ ዜማ ሆኖ ዘፈኑ ላይ ተጨመረ። የሳክስፎኑ ሶሎ ግን ያለቀ ዘፈን ላይ የተጫወቱት ነው ተባለ። እውነት ለመናገር መስመሩ ቀጭን ነው። ሁለት ዳኞች አንድ ዘፈን ሰምተው ላይስማሙ ይችላሉ።

ለእኛ እነዚህ ፍርዶች አስገዳጅ አይደሉም። የአገራችን አዋጅ ግን ከሐሳቡ አይርቅም። ሥራን በጋራ ያመነጩ ሰዎች የጋራ ባለቤት ናቸው ይላል። ጥበቃ የሚያገኘው ሐሳብ ሳይሆን መልክ የያዘ ሥራ ነው። ስለዚህ «እዚህ ጋ ትንሽ ሐዘን ያስፈልጋል» ያለው ቤዚስት ደራሲ አይሆንም። ያቺን የምታሳዝን ዜማ ራሱ ያወጣት ኪቦርዲስት ግን አፉን ሞልቶ ሊከራከር ይችላል። ድራመሩ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ምት ብቻውን ዜማ ነው ብሎ ማሳመን በየትም አገር ቀላል አልሆነም፤ ለድራመሮች ይሄ ግፍ ይመስለኛል፤ ቢሆንም እውነታው ይሄ ነው። ከዋኝነታቸውን ግን የሚነካ የለም፤ ቅጂው ላይ ያለው ምት የእነሱ ነው።

አቀናባሪስ? አዋጁ ቅንብርን ከሌላ ሥራ የተገኘ ሥራ አድርጎ ይጠብቀዋል። አቀናባሪው በቅንብሩ ላይ መብት አለው፤ በዚያ ሰበብ ግን የዜማው ባለቤት አይሆንም።

ማስረጃው ስልክህ ውስጥ ነው

በእኛ ሕግ መብቱ እንዲወለድ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሥራው ወጥ፣ ማለትም የራስ ፈጠራ፣ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀዳ ይበቃል። በስልክ የተቀዳ ማንጎራጎርም መቀዳት ነው። ጊታሪስቱ ለሊት ቀድቶ በባንዱ የቴሌግራም ግሩፕ የላከው የአንድ ደቂቃ ድምፅ ቀንና ሰዓት አለው፤ የላከውም ሰው ይታወቃል። ግሩፑን ለማጽዳት ብላችሁ አታጥፉት። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብም ይቻላል፤ ሲካሰሱ የምስክር ወረቀቱ ይጠቅማል።

ምን እንደተመዘገበ መጠንቀቅ ግን ደግ ነው። ስፒሪት የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1968 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ አልበሙ «ታውረስ» የተባለ ሙዚቃ አውጥቶ ነበር። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ሌድ ዜፕሊን በዝነኛው «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» መግቢያ ላይ ወስዶብናል ተብሎ በ2014 ተከሰሰ። በ2016 የተሰየሙት የፍርድ ሸንጎ አባላት የአልበሙን ቅጂ አስተያይተው እንዲፈርዱ አልተፈቀደላቸውም። በጊዜው የነበረው የአሜሪካ ሕግ የሚጠብቀው ለቅጂ መብት ቢሮው የገባውን ኖታ ብቻ ነበር። ኖታው ደግሞ ከቅጂው የሳሳ ነው። ሌድ ዜፕሊን ረታ፤ በ2020 ፍርዱ በይግባኝም ጸና።

አሁን ስለ መሸጥ። «ዜማውን ሸጬለታለሁ» የሚለው ንግግር የእኛ አገር ሙዚቃ እንጀራ ነው። ገንዘቡ በእጅ ይሰጣል፣ ይጨባበጣሉ፣ አለቀ። በሕግ ግን አላለቀም። መብት ማስተላለፍም ሆነ ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል አዋጁ። በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 መሠረት ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች ሊያረጋግጡት ይገባል። ምስክር የሌለው ወረቀት ዋጋ ያጣል። ደግሞም የሚሸጠው ጥቅሙ ነው። «ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ» የማለት የሞራል መብት ከብሩ ጋር አብሮ አይሄድም። ዜማ ገዝቶ ሽፋኑ ላይ የራሱን ስም የሚጽፍ ሰው የገዛው ያንን አይደለም።

የአያት ዜማ

ድሬና ሐረር ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ቤዚስቱ አያቱ ጀጎል ውስጥ ሠርግ ላይ የሚያዜሙትን ነገር ወደ ሮክ ይለውጠዋል እንበል። አሪፍ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን «ዜማ፦ ባንዱ» ብለው መጻፍ የለባቸውም። ከጥንት የመጣው ዜማ የማንም የግል ንብረት አይደለም። የእነሱ የሚሆነው የጨመሩበትና ያቀናበሩበት ብቻ ነው። ነገ ሌላ ባንድ ያንኑ ዜማ በራሱ መንገድ ቢሠራው ሰረቀን ማለት አይችሉም።

የባሰው ግን ተቃራኒው ነው፤ ባለቤት ያለውን ዘፈን «የሕዝብ» ማለት። ሌድ ዜፕሊን በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ይሄው ደርሶበታል። «ቤብ አይም ጎና ሊቭ ዩ» የሚለው ዘፈን ሽፋኑ ላይ የሕዝብ ተብሎ ነበር የተጻፈው። ዘፋኟ ጆአን ቤዝ ስትዘፍነው ሰምተው ነው የወሰዱት። ዘፈኑ ግን ደራሲ ነበረው፤ አን ብሬደን የተባለች ሴት ናት። ስሟ የተጨመረው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1990 ነው። እዚያው አልበም ላይ «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ» በጊታሪስቱ በጂሚ ፔጅ ስም ወጣ። ጄክ ሆምስ የተባለ ሰው ግን ያንን ዘፈን በ1967 በራሱ አልበም አውጥቶት ነበር። በ2010 ከሰሰ፤ በስምምነት አለቀ። ከዚያ ወዲህ የሆምስ ስምም ተጠቅሷል። አንድ የመጀመሪያ አልበም፣ ሁለት የባለቤትነት ጣጣ። ያውም ከምንጊዜም ታላላቅ ባንዶች አንዱ ነው የምንለው።

እዚህ ቤትም ዓሊ ቢራን አስቡ። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በልጅነቱ በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጀምሮ፣ በ2015 ዓ.ም. አርፏል። ዘፈኖቹን ሠርግ ላይ ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ደራሲያቸው ማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። ከአፍ አፍ መተላለፋቸው የሕዝብ አያደርጋቸውም። እሱ ራሱ በደረሳቸው ላይ፣ ከሞተ ገና ጥቂት ዓመት ስለሆነ፣ 50ው ዓመት አላለቀም። ወጣት ባንድ የእሱን ዘፈን በሮክ ሠርቶ ዩቲዩብ ላይ ሲጭን «ክብር ለዓሊ» ብሎ መጻፉ ደግ ነው። ፈቃድ ግን አይደለም።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

ባንዶች ይሄን የሚፈቱበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ በዘፈን በዘፈን መካፈል ነው፤ ይሄ ዘፈን ላይ አንተ 60፣ እኔ 40። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ቂም ግን ይወልዳል። ሁሉም የራሱን ዘፈን አልበሙ ውስጥ ለማስገባት ይጋፋል። ኩዊን በ1975 እ.ኤ.አ. «ቦሂሚያን ራፕሶዲ»ን በሸክላ ሲያወጣ ጀርባው ላይ የድራመሩ የሮጀር ቴይለር ዘፈን ነበር። ሸክላ ገዢው ጀርባውን ሰማው አልሰማው፣ የድርሰት ክፍያው እኩል ነው። ባንዱ ውስጥ የነበረው ኩርፊያ ዝነኛ ነው። በ1989 ሁሉንም ዘፈን «ኩዊን» ብለው በጋራ ስም መጻፍ ጀመሩ። ሁለተኛው መንገድ ይሄው ነው፤ ማን ምን አመጣ ሳይባል እኩል። አር.ኢ.ኤም. ከመነሻው አራቱንም አባላት ነበር የሚጽፈው። ለመጀመሪያ አልበም እኔ ብጠየቅ እኩሉን እመርጣለሁ፤ ዜማ የሚያመጣው ልጅ ቅር ቢለውም።

የትኛውም ይሁን፣ ወረቀቱ አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ይፈረም። የድርሰቱ ድርሻ ለየብቻ፣ የቅጂው ለየብቻ ይጻፍ። ዩቲዩብ ቻናሉ በማን ኢሜይል እንደተከፈተና ገንዘቡ የማን አካውንት እንደሚገባ ይጻፍ፤ የዛሬ ጠብ ግማሹ እዚህ ጋ ነው። ቻናሉን የያዘ ሰው ገንዘቡን ይቀበላል፤ ድርሻ ለሌሎቹ እንዲያካፍል የሚያስገድደው ውሉ እንጂ ዩቲዩብ አይደለም። ዘፈኑን ለማስታወቂያ ሲጠይቁ የሁሉም ፈቃድ ያስፈልግ ወይስ የአብላጫው፣ ይሄም ይወሰን። የባንዱ ስም የማን እንደሆነም አንድ መስመር አይበዛበትም።

መለያየትንም አሁኑኑ ጻፉት፤ ሟርት አይደለም። ድራመሩ ነገ ሥራ አግኝቶ ጅቡቲ ቢገባ፣ እስከዚያ በሠሩት ዘፈኖች ላይ ያለው ድርሻ ይከተለዋል። ከሄደ በኋላ በሚሠሩት ላይ ግን የለውም። በእሱ ቦታ የሚመጣው ልጅ የድሮዎቹን መድረክ ላይ ይጫወታቸዋል፤ ከድርሰታቸው ምንም አያገኝም። የመድረክ ክፍያው የራሱ ነው። ይሄን ቀድሞ ለአዲሱ ልጅ መንገር የባንዱ ሥራ ነው፤ ብዙዎቹ የሚነግሩት የመጀመሪያው ክፍያ ሲመጣ ነው።